ማንም ያላየው ቁጥር፦ የደቡብ አውስትራሊያ የኤሌክትሪክ መረብ የጉዳይ ጥናት

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 2016 ደቡብ አውስትራሊያን ከባድ ማዕበል ሲገርፋት ዋለ። ከርዕሰ ከተማዋ ከአደላይድ በስተሰሜን ሁለት አዙሪት ነፋሶች ተነሥተው በሰዓት ከ190 እስከ 260 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ገሠገሡ። በመካከላቸው 170 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቁ ሁለት ቦታዎችም የ275 ኪሎ ቮልት መስመሮችን የተሸከሙትን የብረት ማማዎች አጎበጡ፤ ጣሉ። ከቀኑ 10 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ጀምሮ በመረቡ ላይ ያለው ቮልቴጅ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ወረደ። 10 ሰዓት ከ18 ሲል በግዛቲቱ በሙሉ ኃይል ተቋረጠ። 850 ሺህ ያህል ደንበኞች በአንድ ቅጽበት መብራት አጡ።

ማማዎቹ ስለወደቁ መብራት ጠፋ ብሎ ማለፍ ይቀላል። በወቅቱም ብዙ ሰው የተረዳው እንደዚያ ነበር። ነገር ግን የአገሪቱን ምሥራቃዊና ደቡባዊ መረብ የሚመራው የአውስትራሊያ ኢነርጂ ገበያ ኦፕሬተር በማርች 2017 ያወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ሌላ ነገር ይናገራል። ማማዎቹ ወድቀውም ቢሆን የንፋስ ጣቢያዎቹ ምርት ባይቀንስ ኖሮ ግዛቲቱ ከጎረቤቷ ጋር እንደተገናኘች ትቆይ ነበር፤ ጨለማውም ባልመጣ ነበር። ምርቱን የቀነሰው ደግሞ በተርባይኖቹ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ውስጥ የተቀመጠ አንድ ቁጥር ነው። መረቡን የሚመሩት ሰዎች ይህን ቁጥር አያውቁትም ነበር።

ስለ ስማርት ግሪድ (በሶፍትዌር ስለሚመራ ዘመናዊ የኤሌክትሪክ መረብ) ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ዘመናዊ ቆጣሪ፣ ስለ ባትሪና በስልክ ስለሚታዘዝ የቤት ዕቃ ነው። ዋናው ክፍተት ግን ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል። መረቡ ከብረት ወደ ሶፍትዌር በተሸጋገረ መጠን፣ ክፉ ቀን ሲመጣ እያንዳንዱ ክፍሉ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ነው። ይህን የደቡብ አውስትራሊያን ያህል በግልጽ ያሳየ አገር ስለማላውቅ ነው ጉዳዩን ከጥግ እስከ ጥግ ለማየት የፈለግሁት።

ከማዕበሉ ጥቂት ቀደም ብሎ

አደጋው ሊደርስ ሲል የግዛቲቱ የኃይል ፍላጎት 1,826 ሜጋ ዋት ነበር። ከዚህ ውስጥ 883 ሜጋ ዋቱ ከንፋስ፣ 330 ሜጋ ዋቱ በጋዝ ከሚሠሩ ጣቢያዎች ይመጣል። የቀረው 613 ሜጋ ዋት የሚገባው ከጎረቤት ግዛት ከቪክቶሪያ ነው። በፖርት ኦገስታ የነበረው የመጨረሻው የድንጋይ ከሰል ጣቢያ የተዘጋው በዚያው ዓመት በሜይ ወር ሲሆን፣ ማዕበሉ በመጣ ጊዜ ገና አምስት ወር እንኳ አልሞላውም።

የከሰል ጣቢያ መዘጋት አየሩን ያጸዳል፤ ከመረቡ ላይ ግን አንድ ነገር ይወስዳል። በእንዲህ ያለ ጣቢያ ውስጥ ከባድ ብረት በደቂቃ 3,000 ጊዜ ይሽከረከራል፤ የመረቡ 50 ሄርዝ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ሞገዱ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት፣ የሚለካውም በዚሁ ሽክርክሪት ነው። ከመረቡ ላይ ድንገት ኃይል ቢጎድል ብረቱ ወዲያው አይቆምም። አንዴ እንደተፈተለ ከባድ መዘውር በያዘው ጉልበት መዞሩን ይቀጥላል፤ በዚያችው ጥቂት ሰከንድ ሌሎች ጣቢያዎች ደርሰው ጉድለቱን ይሸፍናሉ። መሐንዲሶች ይህን ኢነርሺያ ይሉታል። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም ፕሮግራም አላደረገውም፤ የብረት ጠባይ ነው። ዘመናዊ የንፋስ ተርባይንና የፀሐይ ፓነል ግን ከመረቡ ጋር የሚገናኙት በኤሌክትሮኒክስ ስለሆነ ጠባያቸው ሶፍትዌሩ እንዳዘዘው ነው። ያልተጻፈላቸውን አያደርጉም፤ የተጻፈላቸውን ደግሞ ሳያመነቱ ይፈጽማሉ።

ቁጥሩ

የንፋስ ተርባይን ቮልቴጅ ለአጭር ጊዜ ሲወርድ ታግሦ እንዲያልፍ ተደርጎ ይሠራል። በመስመር ላይ መብረቅ ወርዶ ቮልቴጁ ለሰከንድ ክፍልፋይ ቢወድቅ ተርባይኑ ምርቱን ለአፍታ ዝቅ አድርጎ ወዲያው ይመለሳል። ይህ ትዕግሥት ግን በዕቃው ላይ ጫና አለው። ስለዚህ በመቆጣጠሪያው ውስጥ ገደብ ተቀመጠ፦ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቮልቴጁ ከተወሰነ ጊዜ በላይ ከወረደ ተርባይኑ ራሱን ለማዳን ምርቱን ይቀንስ። ለአንድ ተርባይን ይህ ጥሩ ጥንቃቄ ነው። መሣሪያውን የሠራው መሐንዲስ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው የማደርግ ይመስለኛል።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ስድስት መውረድ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተከታተለ። ተርባይኖቹ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ቆጠሩ። ገደባቸው ሲሞላ ዘጠኝ የንፋስ ጣቢያዎች ምርታቸውን ቀነሱ፤ በስምንቱ ምክንያቱ ይኸው ገደብ ነበር። ከሰባት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ 456 ሜጋ ዋት ጠፋ።

ያን ያህል ኃይል ከአንድ ቦታ መምጣት ነበረበት፤ የመጣውም ሄይውድ በሚባለው ከቪክቶሪያ ጋር በሚያገናኘው መስመር ነው። መስመሩ ከአቅሙ በላይ ተሸከመ። የመጨረሻው የንፋስ ጣቢያ ምርቱን ከቀነሰ ከ0.7 ሰከንድ በኋላ የመስመሩ የራሱ መከላከያ ሥራውን ሠራና ቆረጠው፤ ወደ 900 ሜጋ ዋት የሚጠጋ ኃይልም አብሮ ተቆረጠ። ግዛቲቱ ብቻዋን ቀረች። ፍሪኩዌንሲው በሰከንድ ከ6 ሄርዝ በላይ እየወረደ ወደቀ። ለእንዲህ ያለ ቀን የተዘጋጀ የመጨረሻ መከላከያ አለ፤ የአንዳንድ አካባቢዎችን መብራት ቆርጦ የቀሩትን የሚያድን። እሱ የተነደፈው ግን በሰከንድ እስከ 3 ሄርዝ ለሚወርድ ፍሪኩዌንሲ ነበር። ደርሶ ለመቁረጥ ጊዜ አላገኘም።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ተርባይኑ የታዘዘውን ፈጸመ። መስመሩም የታዘዘውን ፈጸመ። የተበላሸ ዕቃ አልነበረም። የመረቡ መሪ ተቋም ግን የተርባይኖቹን ጠባይ የሚያጠናው ባለ ጣቢያዎቹ በሚሰጡት የኮምፒውተር ሞዴል ነው፤ ይህ ገደብ ደግሞ በሞዴሉ ውስጥ አልተካተተም። በመቆጣጠሪያ ክፍል ስክሪን ላይ 883 ሜጋ ዋት የሚል ጤነኛ ቁጥር ይታያል። ከዚያ በስተጀርባ ስንት መውረድ እንደተቆጠረና ስንት እንደቀረ የሚያሳይ አልነበረም።

ከአደጋው በኋላ የተርባይኖቹ ገደብ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተስተካከለ። አዲስ ዕቃ መግዛት አላስፈለገም፤ የቅንብር ለውጥ ብቻ ነበር። በአደባባይ ግን ክርክሩ ነፋስ ይሻላል ወይስ ከሰል ወደሚል ሙግት ሄደና ወራት በከንቱ አለፉ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጥያቄው ከምን እናመንጭ የሚል ሳይሆን የገጠምነውን ዕቃ ጠባይ ማን ያውቀዋል የሚል ነበር። ይህን በጊዜው ጮክ ብሎ የጠየቀ ፖለቲከኛ አልሰማሁም።

ስለ መልሶ ማቋቋሙ በአጭሩ። መረብ ከዜሮ ሲነሣ ያለ ውጭ ኃይል ራሱን ማስነሣት የሚችል ጣቢያ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ሥራ ሁለት ጣቢያዎች ውል ነበራቸው። ሁለቱም በዕለቱ አልቻሉም። ግዛቲቱ የተነሣችው በዋናነት ከቪክቶሪያ በመጣ ኃይል ነው። መመለስ ከሚችለው ጭነት አብዛኛው እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ተመለሰ፤ መስመራቸው የፈረሰባቸው የሰሜን አካባቢዎች ግን ከዚያ በላይ ጠበቁ።

ከአራት ወር በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2017 ከባድ ሙቀት ሲመጣ፣ ሌላ ነገር ታየ። መረቡን ለማዳን 100 ሜጋ ዋት ያህል ጭነት እንዲቆረጥ ትእዛዝ ተላለፈ፤ የተቆረጠው ግን 300 ሜጋ ዋት ገደማ ሆነ። ምክንያቱ በማከፋፈያ ኩባንያው በኩል የነበረ የሶፍትዌር ስህተት ነው። በሙቀቱ መሐል 90 ሺህ ያህል ደንበኞች መብራት አጡ፤ አብዛኞቹ ሊያጡ የማይገባቸው ነበሩ።

ባትሪው

ቀጥሎ የመጣው ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ክፍል ነው። ኢሎን መስክ በ100 ቀን ካላደረስኩ በነፃ ይሁን ብሎ ቃል ገባ፤ በጄምስታውን ከተማ አቅራቢያ ከሆርንስዴል የንፋስ ጣቢያ ጎን የቴስላ ባትሪዎች ተደረደሩ። ባለቤቱ ኒዮኤን የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። ባትሪው 100 ሜጋ ዋት የመስጠት፣ 129 ሜጋ ዋት ሰዓት የማከማቸት አቅም ይዞ በዲሴምበር 1 ቀን 2017 ሥራ ጀመረ፤ በዚያን ጊዜ ከዓለም የሊቲየም ባትሪዎች ትልቁ ነበር። በ2020 አቅሙ ወደ 150 ሜጋ ዋት አደገ።

ሥራ በጀመረ በሁለት ሳምንቱ ፈተናው መጣ። ዲሴምበር 14 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ በቪክቶሪያ ሎይ ያንግ የሚባለው የከሰል ጣቢያ አንድ ክፍል በድንገት ከመረቡ ወጣ፤ 560 ሜጋ ዋት ጠፋ። ከዚያ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ባትሪ ፍሪኩዌንሲው ሲወርድ በራሱ ለካና በሚሊ ሰከንዶች ውስጥ ምላሽ ሰጠ። የሰጠው 7.3 ሜጋ ዋት ብቻ ስለነበር ጉድለቱን አልሞላውም። ነገር ግን የእንፋሎት ቫልቭ ተከፍቶ ተርባይን እስኪፈጥን ከሚወስደው ጊዜ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። መሐንዲሶች በዚያ ሌሊት ግራፍ ላይ ዓይናቸውን የተከሉት ለዚህ ነው።

እኔም በባትሪው እደነቃለሁ። ታሪኩ ግን እዚያ አላቆመም፤ ቀጣዩ ምዕራፍ እንደ መጀመሪያው አልተወራለትም። ኦክቶበር 9 ቀን 2019 በኩዊንስላንድ ኮጋን ክሪክ የተባለው የከሰል ጣቢያ ወጣና 748 ሜጋ ዋት ጠፋ። የመረቡ መሪ ተቋም የሆርንስዴልን ምላሽ ሲመረምር ከተጠበቀው በታች ሆኖ አገኘው። ባትሪው ከጁላይ እስከ ኖቬምበር 2019 በገበያው ላይ እሰጣለሁ ያለውንና ክፍያ የተቀበለበትን የፍሪኩዌንሲ ድጋፍ በሙሉ መስጠት በማይችልበት ሁኔታ ላይ ነበር። የኢነርጂ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፍርድ ቤት ወሰደው፤ በ2022 የ900 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ተወሰነ።

የገንዘቡን መጠን ትቼ ጊዜውን እመለከታለሁ። ለወራት ማንም አላወቀም። ባትሪው በየአምስት ደቂቃው ገበያ ላይ ይቀርባል፣ ይመረጣል፣ ይከፈለዋል፤ ስክሪኑ ላይ ሁሉም ደህና ነው። እውነቱ የታወቀው አንድ ትልቅ ጣቢያ ሲወድቅ ነው። በ2016 ከተርባይኖቹ ጋር የተማርነውን በ2019 ከባትሪው ጋር ደገምነው። በዚያው ቀን በየቤቱ የተገጠሙ ወደ 900 የሚጠጉ ትንንሽ ባትሪዎች እንደ አንድ ጣቢያ ተቀናጅተው ለዚያው ጉድለት ምላሽ መስጠታቸውንም መዝግቦ ማለፍ ይገባል፤ ያ በእውነት ተስፋ ሰጪ ነው።

አውራጅ ሲጠፋ

ከሁሉም ያልተዘጋው ቴክኒካዊ ክፍተት ኢንቨርተር ላይ ነው፤ ይኸውም ፓነልን ወይም ባትሪን ከመረቡ ጋር የሚያገናኘው ኤሌክትሮኒክስ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት አብዛኞቹ ኢንቨርተሮች ተከታዮች ናቸው፤ በመረቡ ላይ ያለውን የቮልቴጅ ሞገድ ያዳምጡና ከእሱ ጋር አመሳስለው ኃይል ይሰጣሉ። እንደ ዘፈን ተቀባይ ናቸው። አውራጅ ካለ ያምራል፤ አውራጁ ዝም ካለ ግን ተቀባዮቹ የሚቀበሉት የላቸውም፣ ወይም እርስ በርስ እየተደማመጡ ዜማው ይዛባል። እስከ አሁን አውራጆቹ እነዚያ የሚሽከረከሩ ብረቶች ነበሩ። ሞገዱን ራሱ የሚያወጣ፣ አውራጅ የሚሆን ኢንቨርተር መሥራት ይቻላል፤ ደቡብ አውስትራሊያም በ2018 በዮርክ ባሕረ ገብ መሬት ላይ በምትገኘው ዳልሪምፕል 30 ሜጋ ዋት የሚሰጥ፣ 8 ሜጋ ዋት ሰዓት የሚይዝ እንዲህ ያለ ባትሪ ተከለች። ወደ አካባቢው የሚመጣው መስመር ቢቆረጥ ባትሪው ከጎኑ ካለው የንፋስ ጣቢያ ጋር ሆኖ አካባቢውን ያበራል።

ከአንድ አካባቢ ወደ ሙሉ ግዛት መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው። በመቶ የሚቆጠሩ፣ ከተለያዩ አምራቾች የመጡ አውራጆች በአንድ መረብ ላይ ሲወርዱ ሶፍትዌራቸው እርስ በርስ ምን እንደሚባባል በሞዴል እንጂ በተግባር ገና በሙሉ አልተፈተነም። ሞዴሉ ደግሞ በአምራቹ የንግድ ምስጢር የተቆለፈ ነው። ሌላም አለ። ኢንቨርተር መስመር ተነካክቶ ሾርት ሲያደርግ ከመደበኛው እምብዛም ያልበለጠ ከረንት ነው የሚሰጠው፤ በየማከፋፈያ ጣቢያው ያሉት መከላከያዎች ግን አደጋን የሚለዩት ብዙ እጥፍ በሆነ ከረንት ነው። ጩኸት ሲጠብቁ ሹክሹክታ ይመጣባቸዋል። መረብን ከዜሮ በባትሪ ብቻ ማስነሣትም በሙሉ ግዛት ደረጃ ገና የተለመደ ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ግዛቲቱ ምን አደረገች? በ2021 በዳቨንፖርትና በሮበርትስታውን አራት ትልልቅ የሚሽከረከሩ ማሽኖችን ተከለች። ነዳጅ አያቃጥሉም፤ ለሽያጭ የሚሆን ኃይልም አያመነጩም። ሥራቸው መዞር ነው። የከሰል ጣቢያው ይዞት የሄደውን የብረት ጠባይ ለመረቡ መመለስ። ከተተከሉ በኋላ ለመረቡ ደህንነት ሲባል ሁልጊዜ እንዲሠሩ የሚገደዱት የጋዝ ክፍሎች ከአራት ወደ ሁለት ወረዱ። አንዳንዶች ይህን ወደ ኋላ መመለስ ይሉታል። እኔ ግን ከውሳኔዎቹ ሁሉ ሐቀኛው ይመስለኛል፤ የማናውቀውን እናውቃለን ከማለት በምናውቀው ብረት ላይ መደገፍ ይሻላልና።

ጣሪያዎቹ

አሁን ችግሩ ወደ ጣሪያ ወጥቷል። በደቡብ አውስትራሊያ ከሦስት ቤቶች ከአንዱ በላይ የፀሐይ ፓነል አለው። ኦክቶበር 11 ቀን 2020 እኩለ ቀን ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል የግዛቲቱ ሙሉ ፍላጎት በፀሐይ ብቻ ተሸፈነ፤ ከዚያ ውስጥ 77 በመቶው ከጣሪያ የመጣ ነበር። ትልቁ ጣቢያ በአንድ ስልክ ይታዘዛል። ጣሪያው ግን በመቶ ሺህ የሚቆጠር ነው፤ መሪው ተቋም አብዛኛውን የሚያየው በቀጥታ ሳይሆን በግምት ነው።

ከዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 28 ጀምሮ፣ ልክ ጨለማው በወደቀ በአራተኛ ዓመቱ ቀን፣ አዲስ የሚገጠም ማንኛውም ፓነል አስፈላጊ ሲሆን ከርቀት የሚጠፋ መሆን አለበት የሚል ደንብ ወጣ። ማርች 14 ቀን 2021 ደንቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሠራበት። ለአሮጌዎቹ ፓነሎች የተገኘው ዘዴ ግን ሌላ ነው። ኢንቨርተሩ በራሱ መስመር ላይ ያለው አማካይ ቮልቴጅ ከተቀመጠለት ገደብ ሲያልፍ ከመረቡ እንዲወጣ ተቀምሯል። እናም ማከፋፈያ ኩባንያው ከማከፋፈያ ጣቢያው ቮልቴጁን ሆን ብሎ ከፍ ያደርገዋል፤ ጣሪያዎቹ እየተራ ይጠፋሉ። በዘመናዊ መረብ ውስጥ ሌላ የመገናኛ መንገድ ስለሌለ ቮልቴጁ ራሱ መልእክተኛ ሆነ ማለት ነው።

ኖቬምበር 12 ቀን 2022 ማዕበል እንደገና ግዛቲቱን ከቪክቶሪያ ለየ፤ ተይለም ቤንድ አካባቢ ማማ ወደቀ። ግዛቲቱ ለአንድ ሳምንት ያህል ብቻዋን ቆየች፤ በጠራራ ፀሐይ ሰዓት የጣሪያ ፓነሎች እንዲቀነሱ ታዘዘ። በዚህ ጊዜ ግን እንደ 2016 መላ ግዛቲቱ አልጨለመችም። ስድስት ዓመት የተሠራው ሥራ ፍሬ አለው፤ ይህን ሳልል ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

የቀረው ግን አለ። በመላው አውስትራሊያ አዲስ የሚገጠሙ ኢንቨርተሮች ቮልቴጅ ሲናወጥ ታግሠው እንዲያልፉ የሚያዝ የ2020 ደረጃ አለ። የመረቡ መሪ ተቋም በ2023 ባወጣው ምርመራ፣ በ2022 መጀመሪያ ከተገጠሙት አዳዲስ ኢንቨርተሮች በትክክል ተቀምረው የተገኙት ከግማሽ በታች ናቸው። አብዛኛው ስህተት የዕቃ ጉድለት አልነበረም። ገጣሚው ከጣሪያው ወርዶ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ኢንቨርተር ትንሽ ስክሪን ላይ የአገሩን ደንብ ከዝርዝር ውስጥ ይመርጣል። በምርመራው ጊዜ በዝርዝሩ ውስጥ አሮጌው የ2015 ደረጃ ነበር፤ አዲሱ ደግሞ ክልል "ኤ"፣ ክልል "ቢ" እና ክልል "ሲ" ተብሎ በሦስት ተከፍሎ ተቀምጦ ነበር። ለደቡብ አውስትራሊያ ትክክለኛው "ኤ" ነው። ገጣሚው አሮጌውን ቢመርጥም ፓነሉ ኃይል ያመነጫል፣ መብራቱ ይበራል፣ የቤቱም ባለቤት ፈርሞ ይሸኘዋል።